ስልክና ታብሌት ዴስክቶፕን ይተካሉ? ጅማ ላይ በየቀኑ የምጠየቃቸው ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ጥገናም እሠራለሁ። ጠዋት ከምከፍትበት እስከምዘጋበት የምጠየቀው ነገር ይመሳሰላል። «አሁን ኮምፒውተር መግዛት ብር ማባከን አይደለም ወይ? ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል እኮ!» ለእያንዳንዱ ሰው ሳስረዳ ሰልፉ ይረዝማል፣ የቸኮለው ተማሪ ይናደዳል። ስለዚህ መልሴን እዚህ ጻፍኩት። ኮምፒውተርም ታብሌትም አልሸጥም፤ ማንኛውንም ብትገዙ የማገኘው ነገር የለም።

በአጭሩ ንገረኝ፤ ዴስክቶፕ አበቃለት?

አላበቃለትም። ቦታው ግን ጠቧል። ድሮ ኢሜይል ለማየት፣ ውጤት ለመፈለግ፣ ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ለማውራት ሰው ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በደቂቃ ይከፍል ነበር። አሁን ያ ሁሉ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ማየት፣ ማውራት፣ ብር መላክ፣ ፎቶ ማንሳት የስልክ ሆኗል፣ ወደ ኮምፒውተርም አይመለስም።

ረጅም ጽሑፍ መጻፍ፣ መቶ መስመር ያለው ሒሳብ ማስላት፣ ዲዛይን መሥራት፣ ፕሮግራም መጻፍ ግን አሁንም ሰፊ ስክሪንና ኪቦርድ ይፈልጋል። ስለዚህ «ይተካል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «እኔ በቀን ምን እሠራበታለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም።

ይሄ ነገር እኮ ድሮም ይባል ነበር። ያኔ የተባለው ደረሰ?

ግማሹ ደረሰ። አፕል አይፓድ የሚባለውን ታብሌት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያወጣ «ፒሲ ሞተ» የሚል ወሬ በየቦታው ነበር። በዚያው ዓመት የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ኮምፒውተርን ከጭነት መኪና ጋር አመሳሰለው። አገሩ የገበሬ አገር በነበረ ጊዜ መኪናው ሁሉ የጭነት ነበር፤ ሰው ከተማ ሲገባ ግን የቤት መኪናው በዛ፤ ኮምፒውተርም እንደ ጭነት መኪናው ይቀጥላል፣ የሚፈልገው ሰው ግን ያንሳል ነው ያለው።

እኔ ይሄን ምሳሌ እወደዋለሁ፣ ጅማ ላይ ቁጭ ብዬ በዓይኔ ስለማየው። ከመርካቶ አጂፕ ለመሄድ ባጃጅ ነው የምንይዘው። ከአጋሮ፣ ከጎማ፣ ከሊሙ ቡና በጆንያ የሚመጣው ግን በአይሱዙ ነው። ባጃጅ ስለበዛ አይሱዙ ሥራ አልፈታም፤ ሰውን ማመላለስ ብቻ ለባጃጁ ለቀቀ።

ማይክሮሶፍትም ያኔ ደንግጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን ለጣት እንዲመች አድርጎ አወጣው፤ የለመድነውን የስታርት ቁልፍ አነሳው። ያኔ ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ «ኮምፒውተሩን እንዴት ነው የማጠፋው?» ይለኝ ነበር። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ የድሮው ሜኑ ተመለሰ። በሌላ በኩል ስታትካውንተር የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ሲለካ፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ መሣሪያዎች መካከል አንድሮይድ 37.93 በመቶ፣ ዊንዶውስ 37.91 በመቶ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድሮይድ አለፈ። ስልክ አሸነፈ ማለት ነው፣ ኢንተርኔት በመክፈት።

ታብሌት ራሱ ግን እንደተባለለት አልሄደም። ከ2014 በኋላ ሽያጩ ቀነሰ። ኮቪድ መጥቶ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ነው ታብሌቱም ኮምፒውተሩም እንደገና የተፈለገው። ደግሞ ዴስክቶፕን ከጠረጴዛ ላይ የገፋው ታብሌት አይደለም፣ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፕ በዓለም ገበያ ዴስክቶፕን የበለጠው አይፓድ ገና ሳይወለድ፣ በ2008 አካባቢ ነው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ታብሌት ልግዛለት ወይስ ኮምፒውተር?

አንድ ቀን ከአጋሮ አንድ እናት መጡ። የቡና ብር በመቀነታቸው ቋጥረዋል። ልጃቸው ከኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

«ልጄ፣ ይቺ ሰፋ ያለችዋ ስልክ ትበቃኛለች ይላል። እውነቱን ነው?»

«እማማ፣ ምን ሊማር ነው?»

«ጤና ነው የሚለኝ።»

ልጁን አየሁት። ታብሌት የፈለገው ለጨዋታም ለፊልምም ሊሆን ይችላል፤ ግን ውሸቱን አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ታብሌት በጣም ይጠቅማል። ሞጁሉ፣ ሃንድአውቱ፣ የመምህሩ ስላይድ ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ተኝቶም፣ ካፌ ተሰልፎም ያነበዋል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ እኔም ታብሌት እመርጣለሁ፣ ለዓይንም ከስልክ ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ወደ በኋላ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የታወቀ ነው። ተማሪዎች በቡድን ወጥተው ቤት ለቤት መጠይቅ ይሞላሉ። እዚያ ላይ ታብሌቱ ወይም ስልኩ ንጉሥ ነው። ቆቦ የሚባለውን አፕ ከፍተው፣ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር መልሱን እየነኩ ይሞላሉ፣ ከተማ ሲገቡ ይልኩታል። እንደ ድሮው ወረቀት በዝናብ አይርስም። ግን መረጃው ከተሰበሰበ በኋላስ? ያ ሁሉ ቁጥር ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ይገባል፣ ይጸዳል፣ ሠንጠረዥ ይወጣለታል። ኤስፒኤስኤስ ታብሌት ላይ አይጫንም። ከዚያ ሪፖርቱ ይጻፋል፤ ማውጫ፣ የገጽ ቁጥር፣ ዋቢ ሁሉም በሥርዓቱ መውጣት አለበት። በስልክ ዎርድ ይሄን ለመሥራት የሚታገሉ ልጆች እኔ ጋ ነው የሚመጡት፣ ብዙ ጊዜ ማስረከቢያው ቀን ዋዜማ ላይ፣ ዓይናቸው ቀልቶ።

ለእማማ ያልኳቸው ይሄንን ነው፤ ታብሌቱን ይተዉት፣ ስልክ አለው፣ ለንባቡ እሱ ይብቃው። በዚያው ብር ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ይግዙለት። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) የሆነ። ልጁ ደስ አላለውም። በሁለተኛው ዓመት ግን ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ አመሰገነኝ።

ስልኬ ላይ አሳምሬ የጻፍኩት ፋይል እናንተ ጋ ሲከፈት ለምን ይበላሻል?

ማንም አላበላሸባችሁም፣ እኔም አልነካሁትም። ምክንያቱ ፎንት ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ታይምስ ኒው ሮማን ወይም ኒያላ ስልካችሁ ላይ ላይኖር ይችላል። ስልኩ በሌላ ፊደል ተክቶ ያሳያችኋል። የፊደሉ ስፋት ሲለያይ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰበራል፣ መስመሩ ሲሰበር ገጹ ይገፋል፣ ገጹ ሲገፋ ሠንጠረዡ ለሁለት ይከፈላል። አንዲት ተማሪ በቴሌግራም የላከችው 38 ገጽ እኔ ጋ 44 ሆኖ ተከፈተ። በገጽ ስለምናስከፍል አጭበረበርኳት ብላ ነበር የጠረጠረችኝ። ስልኳን ከማሽኑ ጎን አስቀምጠን አንድ ገጽ አብረን ስናይ ነው የተግባባነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የገጹን መጠን መጀመሪያውኑ ኤፎር አድርጉ፣ ስትጨርሱ በፒዲኤፍም ላኩልኝ። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ስለሚሄድ እንዳያችሁት ይታተማል። ዎርዱንም አብራችሁ ላኩ፣ የሚታረም ካለ።

የድሮ ደብዳቤ ስልክ ላይ ስትከፍቱ ደግሞ አማርኛው የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ይሄ ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ አንድ አባት የሟች ወንድማቸው ኑዛዜ ጠፋ ብለው መጥተዋል። አልጠፋም ነበር። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም መሣሪያዎች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ቁጥር አሰጣጥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ የድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈው ሰነድ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሶ ነው የሚቀመጠው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይነበባል፣ ስልኩ ላይ ግን ፎንቱ ስለሌለ ትርምስ ይሆናል። እኔ ጋ አንድ አሮጌ ማሽን ያልሸጥኩት ለዚህ ነው።

በአፋን ኦሮሞ የምትጽፉ ደግሞ በፎንት ብዙ አትቸገሩም፣ ቁቤው ላቲን ስለሆነ። የእናንተ ጠላት የስልኩ ራሱን በራሱ ማረሚያ ነው። ድርብ አናባቢውን ስህተት መስሎት ወደ እንግሊዝኛ ቃል ይቀይረዋል። ሴቲንግ ገብታችሁ አጥፉት። ለቢሮ የተጻፈ ማመልከቻ ላይ ቃሉ ተቀይሮ ታትሞ ካየሁ በኋላ ነው ለሁሉም ሰው መናገር የጀመርኩት።

መብራት ሲሄድስ? እዚህ ላይ ታብሌት አይሻልም?

ይሻላል። ያለ ክርክር። ታብሌት ከመብራት ጋር አይጠፋም፣ ባትሪው ያውለዋል፣ በፓወር ባንክም ይሞላል። ዴስክቶፕ ሞኒተሩን ጨምሮ መቶ ዋትና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል፣ ታብሌት ግን ለመሙላት ከአምፖል ብዙ አይበልጥም።

አንድ ክረምት ላይ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነበር። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ብዙ ወር ነው የሚዘንበው። 41ኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። መብረቅ ብልጭ አለ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ አንዴ ጮኸና ዝም አለ፤ ባትሪው ደክሞ ኖሯል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ አልነሳም አለ። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ ስከፍተው የተረፈው 29 ገጽ ነው። ልጁ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ የመጀመሪያውን ረቂቅ ወረቀት ከቦርሳው አወጣ። እስከ ማታ 5 ሰዓት አብረን ጻፍን።

ከዚያ ወዲህ በየአንቀጹ ጽሑፉን ለማስቀመጥ ኮንትሮል ኤስ እጫናለሁ፣ እጄ ለምዶታል። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ዩፒኤስ የግድ ነው። ባትሪውም ዘላለማዊ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ መቀየሩን አስቡበት። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። መብራት የሚያስቸግራችሁ ሰፈር ከሆናችሁና መጻፍ ከፈለጋችሁ ግን መሐሉ ላፕቶፕ ነው።

ታብሌቱ ላይ ኪቦርድና ማውስ ብሰካ ኮምፒውተር አይሆንልኝም?

ይቀራረባል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንዳንድ ስልኮቹን ከሞኒተር ጋር ስታገናኙ እንደ ዴስክቶፕ በመስኮት እንዲከፍቱ አድርጓል፣ ዴክስ ይባላል። አይፓድ በ2020 ማውስ በደንብ መቀበል ጀመረ። በ2021 ደግሞ አይፓድ ፕሮ ውስጥ የገባው ኤም ዋን ቺፕ፣ የአፕል ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ስለዚህ «ታብሌት አቅም የለውም» የሚለው ድሮ ቀርቷል። የጎደለው አቅም ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው። ቢሮው የሚጠቀምበት የሒሳብ ፕሮግራም፣ መሐንዲሱ የሚሠራበት አውቶካድ በሙሉ መልኩ፣ የማተሚያ ማሽኑ ድራይቨር፣ እነዚህ የተሠሩት ለኮምፒውተር ነው።

ሌላው፣ ርካሾቹ ስልኮች አብዛኞቹ በቻርጀሩ ቀዳዳ በኩል ምስል አያወጡም። ገመዱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ኪቦርድ ግን በኦቲጂ ገመድ (ስልክ ላይ የዩኤስቢ ዕቃ የሚያሰካው አጭሩ ገመድ) ለብዙዎቹ ይሠራል። ላፕቶፕ የመግዛት አቅም ለሌለው ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በአውራ ጣት ከመጻፍ ያድናል።

ሱቅ አለኝ፤ ስልክ ይበቃኛል?

ለብዙ ሱቅ ይበቃል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ አለ፣ የባንኮቹም አፕ አለ፣ ዕቃ በቴሌግራም ይታያል፣ ደንበኛ እዚያው ያዝዛል። ዕቃው በዓይነትም በብዛትም ሲጨምርና ሒሳብ ያዢ ስትቀጥሩ ያኔ አንድ ኮምፒውተር አስገቡ። የቡና መጋዘን ያላቸው ደንበኞቼ ዋጋውን የሚሰሙት በስልክ ነው፣ የገባ የወጣውን ኪሎ የሚመዘግቡት ግን ኤክሴል ላይ ነው።

ኮዲንግ መማር እፈልጋለሁ፣ በስልክ ይቻላል?

ሀሁውን ይቻላል፤ ፓይተን የሚያስሠሩ አፖች አሉ፣ ጀምሩ፣ ኮምፒውተር እስክታገኙ አትጠብቁ። ግን እጃችሁ ላይ ያለው አፕ ሁሉ የተሠራው ኮምፒውተር ላይ መሆኑን እወቁ። የአንድሮይድ አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ስልክ ላይ አይጫንም። ለአይፎን የሚሠሩትም ኤክስኮድን የሚከፍቱት ማክ ላይ ነው።

የትኛው ነው ዕድሜ ያለው?

ጥገና ላይ ስላለሁ ይሄን በሙሉ ልብ እመልሳለሁ። ዴስክቶፕ።

ጠዋት አንድ ሰው ሲስተም ዩኒቱን ተሸክሞ ይመጣል። «ይጮሃል እንጂ ስክሪን አያሳይም።» ጎኑን እፈታለሁ፣ አቧራውን በብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ራሙን እነቅላለሁ፣ ወርቃማውን ጫፉን በላጲስ ፈግፈግ አደርጋለሁ፣ መልሼ እሰካለሁ። ከአሥር ማሽን ስድስት ሰባቱ እዚያው ይነሳል። ካልተነሳም ፓወሩ ወይም ዲስኩ ለብቻው ይቀየራል፣ ሌላው ይቀጥላል። ሱቄ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ማሽን አሁንም ያትማል።

ታብሌት ወድቆ ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ግን ብዙ ጊዜ የማሠሪያው ዋጋ አዲስ ወደመግዛቱ ይጠጋል። በሙጫ የታሸገ ነው፣ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ባትሪው ካበጠ ደግሞ ቻርጅ ማድረጉን አቁሙና ወዲያው አምጡት፣ እሳት ነው።

ዊንዶውስ 10 አበቃ ተባለ። ኮምፒውተሬን ልጣለው?

አትጣሉት። ማይክሮሶፍት መደበኛውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 ነው። ማሽኑ አይቆምም፣ የደኅንነት ማሻሻያው ነው የሚቀረው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በግምት ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መጠበቂያ ክፍልም ይጠይቃል። የእናንተ ከዚያ በታች ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫኑበት፣ ነፃ ነው። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት በቂ ነው። የባንክ ነገር ግን ማሻሻያ በማያገኝ ማሽን ላይ አትክፈቱ።

ልጆቹ በስልክ አድገዋል፤ ኪቦርድ መልመድ አሁን ምን ያደርግላቸዋል?

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በስልክ በደቂቃ ስንት መልእክት የሚጽፍ ልጅ ኪቦርድ ፊት ሲቀመጥ ፊደሉን አንድ በአንድ ይፈልጋል። ማውሱን በሁለት እጁ የያዘም አይቻለሁ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ቤቱ ኮምፒውተር አልነበረም፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ላይም ማሽኖቹ ተሸፍነው ነው የተቀመጡት።

ነገሩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተናውን ኮምፒውተር ላይ ነው የሚወስደው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ሆኗል። አራት ዓመት የተማረ ልጅ መልሱን እያወቀው ከማውስ ጋር ሲታገል ሰዓቱ ሊያልፍበት አይገባም።

አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከፈተናው ሦስት ሳምንት በፊት መጣች። «ጋሼ፣ ዝም ብዬ ልነካካው? እከፍላለሁ» አለች። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት አስቀመጥኳት። የመጀመሪያው ቀን ጠቋሚው ይጠፋባት ነበር፣ ማውሱን አንስታ አየር ላይ ታዞረዋለች። እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ እንድትገፋ አሳየኋት። በሁለተኛው ሳምንት የራሷን ሲቪ ራሷ ጻፈች፣ እኔ ያተምኩላት ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሱቁ ቀዝቀዝ ይላል። በሩ አጠገብ ያለው ማሽን ባዶ ነው። ፈተና ያለባችሁ መጥታችሁ ተለማመዱ፣ አላስከፍልም።